በእጅ ያለውስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሚናገረው ስለ ሁለት ነገሮች ብቻ ነው፤ አንድም ስለ ቃል፣ አንድም ስለ ጽሑፍ። ሦስተኛው ነገር ተዘንግቷል፤ እርሱም በእጅ ያለው ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚልክበት ልክ፣ በገና ደርዳሪ አውታሩን የሚነካበት ጣት፣ የገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን እየዘራ የሚሄድበት አቅጣጫ በቃልም በጽሑፍም ተሟልቶ አይገኝም። የሚገኘው በሰውዬው እጅ ላይ ነው። ሰውዬው ሲያልፍ፣ መሣሪያውም ሲሰበር፣ ያ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ የማነሣው አንባቢ ከማይጠብቀው ቦታ ተነሥቼ ነው። ርእሰ ነገሬ በሳንቲም ይሠሩ የነበሩ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መኪኖች ናቸው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ቧልት ይመስላል፤ ለቢቸና ገበሬና ለሞጣ ነጋዴ ምን ይፈይድለታል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እነዚህን መኪኖች ከጥፋት ለማዳን የተነሡ ሰዎች አንድ ከባድ ችግር ገጥሟቸው በብልሃት ተወጥተውታል። ችግሩም እጅ የሠራውን ነገር በጽሑፍ የማስቀመጥ ችግር ነው። መፍትሔያቸው ለእኛም ይተርፋል ብዬ ስለማምን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ለእያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ መያዣ

ለመሆኑ መኪኖቹ ምን ዓይነት ነበሩ? በጆተኒ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ ነገሩን ሊገምተው ይችላል። ጆተኒ ዘንግ አለው፤ ተጫዋቹ ዘንጉን ይገፋል፣ ይስባል፣ ያሽከረክራል። ዘንጉን ነቅሎ በምትኩ የመብራት ማብሪያ የሚመስል ቁልፍ ቢተክሉበት ኳሷና ሜዳው ሳይለወጡ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል። በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውሮፓ በየቡና ቤቱና በየጨዋታ አዳራሹ ይቆሙ የነበሩት የኤሌክትሮኒክ መኪኖችም እንደዚሁ ነበሩ። እያንዳንዱ መኪና የሰው ቁመት የሚያህል ሣጥን ነው፤ ከላይ ስክሪን፣ ከታች የሳንቲም ማስገቢያ፣ በመካከል ደግሞ እጅ የሚያርፍበት ገበታ አለው።

ዛሬ በፕሌይስቴሽን ቤት የሚቀመጥ ወጣት እግር ኳስም ይጫወት መኪናም ይንዳ የሚይዘው ያንኑ አንድ መያዣ ነው። በዚያ ዘመን ግን መያዣው ከጨዋታው ጋር አብሮ ይታሰብና ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውና አላን አልኮርን የተባለው መሐንዲስ የሠራው «ፖንግ» ሁለት የሚዞሩ እጀታዎች ብቻ ነበሩት፤ የሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ እንደሚዞር ማለት ነው። በ1980 የወጣው «ሚሳይል ኮማንድ» ደግሞ በገበታው ላይ ግማሽ አካሏ ብቅ ያለች፣ በመዳፍ የምትንከባለል ኳስ ነበረችው። በ1981 የወጣው «ቴምፐስት» ያለማቋረጥ የሚሽከረከር እጀታ፣ በ1982 የወጣው «ሮቦትሮን» ሁለት ዘንጎች፣ አንዱ ለመራመጃ ሌላው ለመተኮሻ፣ ነበሯቸው። በዚያው ዓመት የወጣው «ፖል ፖዚሽን» እንደ እውነተኛ መኪና መሪና ማርሽ ነበረው።

ከሁሉ የሚያስገርመው በ1987 የወጣው የመጀመሪያው «ስትሪት ፋይተር» ነው። ከመኪናው ዓይነቶች አንደኛው ተጫዋቹ በኃይል የሚመታቸው ሁለት ትልልቅ የላስቲክ መምቻዎች ነበሩት። በቀስታ ቢመታ በስክሪኑ ላይ ያለው ተፋላሚ በቀስታ ይመታል፤ አጥብቆ ቢመታ አጥብቆ ይመታል። ሰዎች እጃቸውን እየጎዱ፣ መምቻዎቹም እየተበላሹ ስላስቸገሩ በኋላ በስድስት ተራ ቁልፎች ተተኩ፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለእርግጫ። ከዚያ ወዲህ ከመጡት የድብድብ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ስድስት ቁልፍ መያዛቸውን ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጠረው። መነሻው ግን ይህ ነበር።

መኪናው ሲሞት ምን ይተርፋል?

እነዚህ መኪኖች ዕድሜያቸው አጭር ነበር። አዲስ ጨዋታ ሲመጣ አሮጌው ከሣጥኑ ይወጣል፤ ሣጥኑ ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ይውላል፤ የማይረባው ይጣላል። የቀረውንም ዝገትና እርጥበት ይበላዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ጊዜያቸውን የሚቆጥር ሞት ተቀብሮ ነበር። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ በሚሠራባቸው ሰሌዳዎች ላይ ምስጢራዊው የመክፈቻ ቁጥር በባትሪ ኃይል ብቻ ይጠበቅ ስለነበር ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩ ይጠፋል፤ መኪናውም ዳግመኛ አይነሣም።

ይህን የተመለከተ ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ ጥር 28 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1997) «ሜም» የተባለውን ፕሮግራም የመጀመሪያ እትም ለሕዝብ አወጣ። ሜም ኢሙሌተር የሚባለው ዓይነት ነው። ኢሙሌተር ማለት አንድ ኮምፒዩተር የሌላ መኪናን ጠባይ ቺፕ በቺፕ እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ከአሮጌው ሰሌዳ ላይ ቺፖቹ ተነቅለው በውስጣቸው ያለው ይነበባል፤ የተነበበውን ኢሙሌተሩ እንደ ጥንቱ ያስኬደዋል። ሥራው ከአንድ ሰው አልፎ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በነጻ የሚያበረክቱት የጋራ ሥራ ሆነ። በ2016 ደግሞ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ማንም አንብቦ፣ ቀድቶና አሻሽሎ እንዲሠራበት በሚፈቅድ ደንብ ተለቀቀ። ጨዋታዎቹ ግን የየባለቤቶቻቸው ስለሆኑ ኢሙሌተሩ ይዟቸው አይሄድም።

ሠሪዎቹ ዓላማቸውን ሲገልጹ ዋናው ነገር ጨዋታ ሳይሆን ምዝገባ መሆኑን ያስረዳሉ። የመኪናው አሠራር በትክክል ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው የሚደክሙት፤ ጨዋታው መነሣቱ ጽሑፉ ትክክል ለመሆኑ ምስክር ነው። ምዝገባው ልክ ካልሆነ መኪናው አይነሣም፤ ቢነሣም ያነክሳል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር ጽፎ ማለፍ ይቻላል፤ እዚህ ግን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ስምንት ቢት፣ ስምንት ጥያቄ

ስለ እጅ እንመለስ። መኪናው የሰውን እጅ የሚያውቀው እንዴት ነው? ምሳሌ እንዲሆነን በ1980 ናምኮ ያወጣውንና ቶሩ ኢዋታኒ ያሰበውን «ፓክ-ማን» እንውሰድ። በዚህ ጨዋታ አንድ ቢጫ ክብ አፍ በመተላለፊያ መንገዶች መካከል ነጠብጣብ እየለቀመ ከአራት መናፍስት ይሸሻል። ተጫዋቹ የሚይዘው አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ ሌላ ቁልፍ የለም።

ዘንጉ ከሥሩ አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። ከእነርሱ የሚወጡት ሽቦዎች ወደ ሰሌዳው ይገባሉ፤ የመኪናው አንጎልም በሚሞሪው ውስጥ 5000 በሚል አድራሻ ላይ ያነባቸዋል። በዚያ አድራሻ ስምንት ቢቶች አሉ፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ መሆን የሚችል የመረጃ ቅንጣት ነው። የመጀመሪያው ቢት ዘንጉ ወደ ላይ መገፋቱን፣ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው ወደ ቀኝ፣ አራተኛው ወደ ታች መገፋቱን ይነግራሉ። አምስተኛው ለመኪናው መሞከሪያ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳንቲም መግባቱን፣ ስምንተኛው ባለቤቱ ያለ ሳንቲም ጨዋታ መፍቀዱን ያሳውቃሉ። አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ማንም ሳይነካቸው ሁሉም 1 ናቸው፤ የተነካው 0 ይሆናል። ለእኛ መንካት መጨመር ይመስለናል፤ ለዚህ መኪና ግን መንካት መጉደል ነው።

በሌላ አድራሻ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ ከቶ የማያያቸው፣ በሣጥኑ ውስጥ የተሸሸጉ ትንንሽ ማብሪያዎች ይነበባሉ። የመኪናው ባለቤት በእነዚህ አማካይነት ተጫዋቹ ስንት ሕይወት እንዲኖረው፣ በስንት ነጥብ ተጨማሪ ሕይወት እንዲያገኝ፣ ጨዋታው ቀላል ወይም ከባድ እንዲሆን ይወስናል። በአንዱ ከተማ አንድ ሕይወት፣ በሌላው አምስት ሕይወት ይሰጥ የነበረው መኪና አንድ ዓይነት መኪና ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው? ፋብሪካው ለጥገና ሠራተኞች ያዘጋጀው የሽቦ ንድፍ ከተገኘ ከእርሱ ይነበባል። ካልተገኘ ሽቦው በእጅ እየተዳሰሰ ከቁልፉ እስከ ቺፑ ይከተሉታል። ያም ካልሆነ የጨዋታው ፕሮግራም ራሱ ይመረመራል፤ «ይህ ቢት ሲጠፋ ምን አደረግህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንደማለት ነው። ብዙ መኪኖች ለጠጋኝ የተዘጋጀ የመፈተሻ ገጽ አላቸው፤ እርሱ ሲከፈት የትኛው ቁልፍ እንደተነካ በስክሪኑ ላይ ይታያል። በዚህ ሁኔታ የተገኘው ውጤት በሜም ውስጥ ቢት በቢት፣ መስመር በመስመር ይጻፋል።

ፕሮግራሙ የማይናገረው

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ተጽፎ እንኳ እጁ ገና አልተገኘም። ቢቱ የሚለው «ተነክቻለሁ» ብቻ ነው። የነካው ጣት ይሁን መዳፍ ወይም እግር፣ የተነካው ቁልፍ ይሁን ዘንግ ወይም ፔዳል አይናገርም።

አታሪ በ1979 ያወጣውን «አስትሮይድስ» እንይ። ተጫዋቹ በጠፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ መርከብ ያዞራል፤ ድንጋይ ይሰብራል። መኪናው ዘንግ አልነበረውም። የነበሩት አምስት ቁልፎች ናቸው፤ ሁለቱ በግራ እጅ መርከቧን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማዞር፣ ሁለቱ በቀኝ እጅ ለመተኮስና ወደፊት ለመገፋት፣ አምስተኛው ጭንቅ ሲመጣ መርከቧን ከቦታዋ ለመሰወር። በሜም ጽሑፍ ውስጥ ግን ግራና ቀኝ ማዞሪያዎቹ «ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ ዘንግ» ተብለው ተመዝግበዋል። ለዛሬ ተጫዋች የሚመች ስለሆነ ነው፤ ከአሠራር አንጻርም ስሕተት አይደለም፤ ማብሪያው ያው ማብሪያ ነውና። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው አስትሮይድስ ዘንግ ነበረው ብሎ ያምናል። መኪናው ድኖ እጁ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ከኢሙሌተሩ ጎን ሌላ ሥራ ተጀመረ። ፈቃደኛ ሰዎች የየመኪናውን ገበታ እየመረመሩ «ኮንትሮልስ ዳት» በተባለ መዝገብ ውስጥ እውነተኛው መያዣ ምን እንደነበረ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በገበታው ላይ ምን የሚል ጽሑፍ እንደነበረበት ጻፉ። ምንጫቸው የድሮ መመሪያ መጽሐፍ፣ የማስታወቂያ ወረቀት፣ ፎቶግራፍና መኪናውን በቤታቸው ያቆዩ ሰዎች ነበሩ።

ጥቃቅኑ ነገር ትልቅ ፍሬ አለው። የፓክ-ማን ዘንግ በአራት አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። በስምንት አቅጣጫ የሚሄድ ዘንግ ይዞ ፓክ-ማን የሚጫወት ሰው በየማዕዘኑ ሁለት ማብሪያ አንድ ላይ ይነካል፤ መንገዱን ይስታል፤ በመናፍስቱም ይበላል። ስለዚህ በሜም ውስጥ «ባለ አራት መንገድ» የሚለው አጭር ቃል ከዘንጉ ስም ጋር ይጻፋል። በ1982 የወጣው «ኪውበርት» ደግሞ ዘንጉ ባለ አራት መንገድ ሆኖ በአግድም ዞሮ የተተከለ ነው፤ ተጫዋቹ የሚገፋው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ማዕዘኖቹ ነው። ይህን ካላወቁት ጨዋታው እብደት ይመስላል።

ኳሷንና መሪውን መመዝገብ ከዚህም ይከብዳል። ቁልፍ ተነካ ወይም አልተነካም ነው፤ ኳስ ግን መጠን አላት። ከኳሷ ሥር ጥርስ የመሰለ ክፍተት ያላቸው ሁለት ሽክርክሪቶች አሉ፤ በክፍተቶቹ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ መኪናው የብርሃኑን ብልጭታ ይቆጥራል። ስለሆነም ጸሐፊው ኳስ እንደነበረች ብቻ ሳይሆን እጅ ምን ያህል ሲገፋት ምን ያህል እንደሚቆጠር ማስታወቅ አለበት። ኳስ የሌለው ሰው በኪቦርድ ሲጫወትም ቁልፉ ተጭኖ በቆየ ቁጥር ስንት እየተጨመረ እንዲሄድ ለብቻው ይጻፋል።

በኮምፒዩተር ክፍል ያየሁት

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አለመሆኑን አንድ ቀን በዐይኔ አይቻለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ከአዲስ አበባ በመጣ የዘመዱ ላፕቶፕ ሚሳይል ኮማንድን ይጫወት ነበር። ከሰማይ ሚሳይል ይዘንባል፤ እርሱም ማነጣጠሪያውን በኪቦርዱ ቀስቶች እየገፋ ስድስት ከተሞችን ማዳን ነበረበት። ከተሞቹ ሁሉ ወዲያው ወዲያው ወደሙበት።

«መምህር፣ የድሮ ሰዎች በዚህ እንዴት ይደሰቱ ነበር? ማነጣጠሪያው እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው» አለኝ።

በእጃቸው ምን ይዘው እንደነበር ታውቃለህ ብዬ ጠየቅሁትና ስለ ኳሷ አስረዳሁት። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ማውስ እንዲቀበል አስተካከልነው። የድሮው ኳስ ያላት ማውስ ተገልብጣ ብትታይ የዚያችው የመኪና ኳስ ታናሽ እኅት ናትና። ማነጣጠሪያው ከሰማይ ጥግ እስከ ጥግ በረረ። ሦስቱ የመተኮሻ ቁልፎች ለሦስቱ ምሽጎች፣ ለግራው፣ ለመካከለኛውና ለቀኙ፣ አንድ አንድ መሆናቸውን ሲያውቅ ደግሞ ጣቶቹን በሦስት ቁልፎች ላይ አሰናድቶ ተቀመጠ። በዙሪያው ስድስት ሰባት ልጆች ተሰበሰቡ። ፕሮግራሙ ያው ነበር፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው እጁ ነው።

ልጁ ከዚያ በፊት ሚሳይል ኮማንድን አልተጫወተም ነበር ለማለት እደፍራለሁ። የተጫወተው ስሙን የያዘ ሌላ ነገር ነው።

አባቶቻችን ያደረጉት

ይህን ዓይነት ሥራ የፈረንጅ ብቻ ፈጠራ አድርጎ ማየት ግን አይገባም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው በደብረ ወርቅ ያልፋል፤ የዲማ ጊዮርጊስም ገዳም ከቢቸና ብዙ አይርቅም። እነዚህ አድባራት በቤተ ክህነት ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። በዚህ አገር ያደገ ሰው በድጓ ብራና ላይ ከጽሑፉ በላይ የተረጩትን ጥቃቅን ምልክቶች ሳያይ አይቀርም።

ምልክቶቹ ምን ይላሉ? ይዘት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ሂደት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቅናት ይባላሉ። ስማቸውን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ብዙዎቹ የድርጊት ስሞች ናቸው፤ ያዝ፣ ድፋ፣ ቁረጥ፣ ሂድ እንደማለት። ዜማው ምን እንደሚመስል ሳይሆን ድምፅ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ በፊደል የሚጻፉትን ምልክቶች ያወጡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። እያንዳንዱ የፊደል ምልክት ተማሪው በቃሉ የሚያውቀውን አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል፤ ሐረጉን ካላወቀው ምልክቱ አይረዳውም። አፍ ጠፍቶ ፊደል እንዳይቀር ታስቦበት የተሠራ ሥራ ነው።

የዜማ ተማሪ ድጓን ተምሮ ሲጨርስ በጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከዋናው ጋር ይተያያል፤ ከሳተ ይታረማል። የኢሙሌተር ሠሪዎችም ጽሑፋቸውን ከዋናው ሰሌዳ ጋር አስተያይተው ነው ትክክል ነው የሚሉት። በሁለቱም ዘንድ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ድርጊቱን የሚያመለክት ምልክት፣ ምልክቱን የሚያነብ የሠለጠነ ሰው፣ የሚያመሳክሩበት ዋና።

ገበጣችንን ማን ጻፈው?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ገበጣ ከእኛ ጨዋታዎች ሁሉ ለሂሳብ የቀረበ ነው። በእንጨት ላይ፣ ካልሆነም በመሬት ላይ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ጠጠር ይዘራባቸዋል፤ ይለቀማል። በሁለት ረድፍ የሚጫወቱ አሉ፤ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ወደ አገራችን መጥቶ በጎጃም ቆይቶ ነበር፤ በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» አወጡ። ለሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች አገሩን ሁሉ፣ መንደሩን ሁሉ ሊያዳርሱ አይችሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እኔን አሳስቦኛል። አንድ የሞጣ ልጅ ዛሬ በስልኩ የገበጣ ዓይነት ጨዋታ ቢፈልግ «ማንካላ» የሚል ስም ያገኛል። ሲከፍተው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ጉድጓድ፣ ከዳር ደግሞ አንድ አንድ ትልቅ ማከማቻ ያለው ሆኖ ያየዋል። ከእነዚህ የስልክ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚከተሉት «ካላ» የተባለውን ደንብ ነው። ካላን በ1940 ያወጣው ዊሊያም ጁልየስ ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የአፍሪካን ጨዋታ አይቶ ለራሱ አገር ሰው እንዲመች አድርጎ ደንብ አበጀለት፤ ደንቡን ጻፈ፤ አሳተመ፤ ሸጠ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያገኙት የተጻፈውን ነው። ስለዚህ የሞጣው ልጅ የአያቱን ጨዋታ ፈልጎ የቻምፒየንን አገኘ።

ቻምፒየን አልበደለንም። የጻፈ ወረሰ፤ ያልጻፈ ተረሳ። አባባላችን የሚለውም ይህንኑ ነው። ልጁ ግን ያንን ሲለምድ አያቱ በጓሯቸው የሚዘሩት ገበጣ ስሕተት ሊመስለው ይችላል፤ ልክ ተማሪዬ ሚሳይል ኮማንድን ሞኝ ጨዋታ እንዳለው።

ምን እናድርግ?

ከኢሙሌተር ሠሪዎች የምንማረው ዘዴ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ የስልክ ካሜራ ከተገኘ ደግሞ መልካም ነው። ጥያቄዎቹ ግን እንደ ፓክ-ማን ቢቶች አንድ በአንድ መጠየቅ አለባቸው። ጉድጓዱ ስንት ነው? በስንት ረድፍ? መጀመሪያ በእያንዳንዱ ስንት ጠጠር ይገባል? መዝራት የሚጀመረው ከየትኛው ነው? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? በባላጋራ በኩል ይታለፋል ወይስ አይታለፍም? የመጨረሻው ጠጠር ባለ ጠጠር ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ጉዞው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ባዶ ላይ ሲያርፍስ? መብላት መቼ ይሆናል? ያሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዙር ምን መብት ያገኛል? እያንዳንዱ ድርጊትስ በመንደሩ ቋንቋ ምን ይባላል?

ቀጥሎ በፕሮግራሙ የማይገባው፣ የእጁ ነገር ይጻፋል። ጠጠሩ በስንት ጣት ይያዛል? ሳይቆጥሩ በዳሰሳ ብቻ ያውቁታል ወይስ መቁጠር ይፈቀዳል? ጉድጓድ የነካ እጅ መመለስ ይችላል? ገበታው ከሌለ መሬት የሚቆፈረው እንዴት ነው? ጠጠር ሳይገኝ ሲቀር ምን ይተካዋል? እነዚህ ነገሮች ለሚጫወቱት ሰዎች ግልጽ ስለሆኑ ማንም አይናገራቸውም፤ የሚጠፉትም ስለዚህ ነው። የአስትሮይድስን ቁልፎች ያስታወሰው ሰው ዘንግ እንዳልነበረ ለመጻፍ ያሰበው ሌላው ሲሳሳት ካየ በኋላ ነበር።

በመጨረሻም ማስመስከር አለ። የቢቸናው ጽሑፍ ለሞጣ ተማሪዎች፣ የሞጣውም ለቢቸና ተማሪዎች ይላክ። የተቀበሉት ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ ከወረቀቱ ብቻ ተጫውተው ደንቡን ይልመዱ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከተጻፈበት መንደር አንድ አዛውንት ቀርበው ከእነዚህ ልጆች ጋር ይጫወቱ። አዛውንቱ «እንዲህ አይደለም» ካሉ ጽሑፉ ጎድሎታል፤ ይታረማል። ምንም ሳይናገሩ ጠጠራቸውን እየዘሩ ከቀጠሉ መዝገቡ ትክክል ነው።

ይህን ሥራ ለአንድ የትምህርት ዘመን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መስጠት ይቻላል። ሂሳብ አለበት፣ አማርኛ አለበት፣ ታሪክ አለበት። ጨርሰው ሲገኙ ከመካከላቸው ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ልጅ አይጠፋም፤ እርሱም የአያቱን ገበጣ በስልክ ላይ ለማውጣት ሲነሣ የቻምፒየንን ደንብ መዋስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል። ገበጣውን የሚያውቁት አዛውንት ግን ሁልጊዜ አይጠብቁምና ደብተሩ የሚከፈተው በዚህ ዓመት ቢሆን ይመረጣል።